ከጀሶው አንጎል አጠገብ የተሰጠ ምርቃት

በዚያ እሑድ፣ ሐረር አቦከር ሠፈር ባለው ሳሎን ውስጥ የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራ። ጋሽ ተፈራ፣ የቤቱ አባወራ፣ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር፤ በመስኮቱ በኩል ባለው ሶፋ ላይ፣ ቀኝ ክንዳቸው ከሥሩ ትራስ ገብቶለት። እትዬ አስካለ፣ ባለቤታቸው፤ እዚያው ሶፋ ላይ፣ ግን ሌላኛው ጫፍ። አቶ ደምሴ፣ የጋሽ ተፈራ ታናሽ ወንድም፤ በጠዋት ሚኒባስ ከድሬዳዋ የመጡ፣ ክራቫት ያሰሩ። እማማ ሩቂያ፣ ጋሽ ተፈራን በልጅነታቸው አዝለው ያሳደጉ፣ በግንብ ከታጠረው አሮጌው ከተማ ከጀጎል የሆኑ ሐረሪ፤ ወንበር አልፈልግም ብለው ምንጣፉ ላይ። ሽማግሌ ሆነው የመጡት ሦስት ናቸው፤ ሻምበል በቀለ፣ ቄስ አክሊሉ፣ ሦስተኛው ደግሞ ግራጫ ኮት የለበሱ፣ በሳሉ ቁጥር መሐረብ የሚያወጡ፣ ስማቸው ፈጽሞ የጠፋኝ ሰው። እኔ ሄኖክ፣ የግቢው ሰርቪስ ቤት ተከራይ፣ ሸዋ በር ላይ ሞባይል ጠጋኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ምሕረት፣ ሽማግሌ የተላከባት የቤቱ ልጅ። እሷን ከነበሩት ልቁጠራት ወይስ አልቁጠራት አላውቅም። ሰምታለች እንጂ አላየችም።

ይህን የምጽፈው ባለፈው ወር ዳዊትን ስላገኘሁት ነው። ዳዊት የምሕረት ባል ነው። ሸዋ በር፣ ከሚኒባሶቹ መቆሚያ ፊት ለፊት፣ ትንሿን ልጁን በእጁ ይዞ ለውዝ ሲገዛ ተገናኘን። “ጋሼ ሄኖክን ሳሚው” አላት። ጋሼ መባሌን ገና ሳልውጠው ቀጠለ፤ “አያትሽ እማዬን የሰጡኝ ቀን እዚያው ነበር። ብድግ ብለው፣ ልጄን ለዳዊት ሰጥቻለሁ፣ አሉ። አይደል ሄኖክ?”

“አንተ እኮ አልነበርክም” አልኩት።

“አለመኖሬማ ደንቡ ነው። ነግረውኛል።”

“ማን ነገረህ?”

“ማን ያልነገረኝ አለ?”

ጋሽ ተፈራ ብድግ አላሉም፤ እግራቸው አይችልም ነበር። “ሰጥቻለሁ” የሚል ቃልም አልወጣቸውም። ይህን እርግጠኛ ነኝ። ከዚህ ወዲያ ባለው ላይ ግን እግሬ መሬት አይረግጥም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ምሕረት ራሷ ወደ ሱቄ መጣች። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ይዛ ነበር፤ ስንጥቁ ግን ሰበብ መሆኑን ከአቋቋሟ አወቅሁ። “ዳዊትን አልነበርክም አልከው አሉ” አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “አንተ ዝርዝር አትረሳም። ይኼን ሁሉ ዓመት ሌላ ሰው አልጠየቅሁም። አባዬ ፈቅዶ ነበር ወይስ አልፈቀደም?” አለችኝ። ስክሪኑ ላይ አጎነበስኩ። ሥራው ከሚፈልገው በላይ አጎንብሼ ቆየሁ። “ልጻፈውና ይለይልኛል” አልኳት። አሁን እየጻፍኩት ነው፤ ገና አልለየልኝም።

ሰው ገና ወጣት ነህ ይለኛል። ዕድሜዬን ስቆጥር እኔም እስማማለሁ። ነገር ግን ያን ጊዜ ሳስበው የሌላ ሰው ዘመን ይመስለኛል። ሁሉም ባለ ሁለት ሲም፣ ድምፁ ከሠፈር ሠፈር የሚሰማ የቁልፍ ስልክ የያዘበት ጊዜ ነበር። ካርድ በጥፍር ተፍቆ ነበር የሚሞላው፤ የሸዋ በር አስፋልት ጠርዝ ጠዋት ጠዋት በተፋቀ ካርድ ተሸፍኖ ያብለጨልጭ ነበር። አሮጌዎቹ ፔጆ ታክሲዎች ባጃጁ እየገፋቸውም ቢሆን ገና ነበሩ፤ በራቸው ከውጭ እጅ አስገብቶ ካልሆነ የማይከፈት። የጎረምሳ ሱሪ እግር ላይ የተጣበቀ፣ ጫማው ጫፉ የሾለ ነበር። እኔም አንድ ሹል ጫማ መኪና ግርግር ከሚባለው መንገድ አጠገብ ገዝቼ፣ የልብስ ሰፊዎቹ ማሽን ግራና ቀኝ እየተንጫጫ፣ በጀጎል ድንጋይ መንገድ እያነከስኩ ወደ ቤቴ እንደገባሁ አስታውሳለሁ። ፈጢራ በእንቁላል አሥራ አምስት ብር ነበር፤ በማር ሲሆን ትንሽ ይጨምራል። አሁን በዚያ ብር ለውዝ የሚጠቀለልበት ወረቀት እንኳ አይገኝም። ረዳቶቹ “ድሬ! ድሬ!” እያሉ ሲጣሩ ከየሚኒባሱ አንድ ዓይነት ዘፈን ይወጣ ነበር። የሴት ልጅ ስም የሚደጋግም ዘፈን ነው። ዜማው አሁንም ይመጣልኛል፤ ስሟ ግን ማን እንደነበረ ብል ብል አልመጣ አለኝ።

ሱቄ እኔንና አንድ ወንበር ብቻ የምትይዝ ነበረች። ከገጠር የሚመጡ ደንበኞች ስልካቸው ድንገት ቻይንኛ ወይም ዐረብኛ ሆኖባቸው ያመጡልኛል። ጽሑፉን ማንበብ ሳያስፈልገኝ ሥዕሎቹን ተከትዬ እገባለሁ፣ አንድ ቦታ እጫናለሁ፣ ቋንቋው ይመለሳል። “ማሻአላህ!” ይላሉ። ምንም ያህል ሥራ አልነበረም። ይህን የማነሣው ኋላ ላይ ስላሳሳተኝ ነው።

ትምህርቴን ያቋረጥኩት አሥረኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የማውቀው ሁሉ ከአሮጌ መጻሕፍትና ከጋሽ ተፈራ የተገኘ ነው። በሳሎናቸው ቡፌ ላይ፣ ከብርጭቆዎቹ በላይ፣ ራሳቸው በጀሶ የሠሩት የሰው አንጎል ይቀመጥ ነበር። ክፍሎቹ በእንጨት ችንካር የተሰካኩ ስለነበሩ አንድ በአንድ ይወጣሉ። የፊቱ ቢጫ፣ የመሐል አናቱ አረንጓዴ፣ ከጆሮ በላይ ያሉት ሁለቱ ጎኖች ቀይ፣ የኋላው ሰማያዊ። ከሥር ያለው ትንሹ አንጎል ግን ቀለም ስላለቀባቸው በግቢው በር ቀለም ቡናማ ተቀብቷል። የጀጎል ሰው ለረመዳን ቤቱን ሲቀባ ጋሽ ተፈራም አንጎላቸውን ያወርዱና ይቀባሉ። “ሰው ቤቱን ያድሳል፣ የኔው ጭንቅላቱን ያድሳል” ይሉ ነበር እትዬ አስካለ።

ከሥራ ስመለስ ጠርተው ያስቀምጡኛል። ቢጫውን ነቅለው መዳፌ ላይ ያደርጉታል። “ይኼ ያቅዳል፣ ይከለክላል። ሰው ልሳደብ ብለህ አፍህን ከፍተህ ዝም ካልክ፣ ዝም ያሰኘህ ይኼ ነው።” አረንጓዴውን፤ “ኪስህ ውስጥ ቁልፉን ከሳንቲሙ ሳታይ የምትለየው በዚህ ነው።” ሰማያዊውን፤ “ዓይን መስኮት ነው፣ ተመልካቹ ኋላ ቤት ተቀምጧል።” ቡናማውን፤ “ይኼ ባይኖር ብርጭቆውን ወደ አፍህ ስትወስድ አፍንጫህን ትገጨዋለህ።” ከሁሉ ሥር ያለችውን ግንድ ደግሞ በጣታቸው ነካ አድርገው ያልፋሉ፤ ስተኛ የምታስተነፍሰኝ እሷ ናት፤ ብዙ አይነኳትም ነበር። አንድ ቀን ቀዩን ከፍተው ከውስጡ ጣት የምታህል ጥምዝ ነገር አሳዩኝ። “አዲስ ነገር በዚች ካላለፈ ትዝታ አይሆንም። ትዝታው ግን እዚች አይቀመጥም፣ ይበተናል። ስታስታውስ ከየቦታው ሰብስበህ እንደገና ትሠራዋለህ። በሠራኸው ቁጥር ትንሽ ይለወጣል።”

“ታዲያ እውነተኛው የትኛው ነው ጋሼ?” አልኳቸው።

“እሱን ቄስ አክሊሉን ጠይቃቸው። እኔ ባዮሎጂ ነኝ” ብለው ሳቁ።

አንድ ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ ሳሙናው ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። ሊያነሡት አጎነበሱና እዚያው ቀሩ። ከሆስፒታል ሲመለሱ ቀኝ እጅና እግራቸው አይታዘዝም፤ አፋቸውም ዝም ብሏል። ምሕረት በማንኪያ ስትመግባቸው፣ እትዬ አስካለ ሲያለቅሱ፣ እኔ ውሃ በጄሪካን ሳመላልስ ጥቂት ጊዜ አለፈ። ከዚያ አፋቸው ተፈታ። የተፈታው ግን በሐረሪኛ ነው።

ይህ እንዴት እንደሆነ ለማያውቃቸው ልግለጽ። የጋሽ ተፈራ አባት ለመንግሥት ሥራ ሐረር የተመደቡ ሰው ነበሩ፤ ጀጎል ውስጥ ከአንድ ሐረሪ ቤተሰብ ግቢ ተከራይተው ሲኖሩ ነው ጋሽ ተፈራ የተወለዱት። እናታቸው በወሊድ ታመው ስለነበር ያጠቧቸው የባለቤቶቹ እመቤት ናቸው፤ አዝለው የሚዞሩት ደግሞ የእመቤቲቱ ልጅ እማማ ሩቂያ። አፋቸውን የፈቱት በሐረሪኛ ነው። ትምህርት ቤት ገብተው፣ አስተምረው፣ አግብተው፣ ወልደው የኖሩት ግን በአማርኛ ነው። ሐረሪኛውን እኔ እንኳ በጆሮዬ የሰማሁት እማማ ሩቂያ ለበዓል ሲመጡ ብቻ ነበር። አሁን ግን ውሃ ሲፈልጉ፣ ትራሱ ሲቆረቁራቸው፣ ዜና ሲሰሙና ሲናደዱ ሁሉ ሐረሪኛ ሆነ። አማርኛ ስንነግራቸው ይሰማሉ፣ የምንለውንም ያደርጋሉ፤ መልሱ ግን በሌላ በር ይወጣል።

ሐኪሙን ጠየቅኳቸው። “ግራው ላይ ደም ረግቶ ነበር፣ ቋንቋ በዚያ በኩል ነው” አሉኝ። “ሐረሪኛውስ?” አልኩ። “እሱም እዚያው ነው።” “ታዲያ አንዱ ተጎድቶ አንዱ እንዴት ተረፈ?” እስክሪብቶአቸውን ከፍተው ከደኑ። “ይሆናል። አንዳንዴ ይሆናል” አሉ። ከገባሁበት ይበልጥ ተደናግሬ ወጣሁ። እንደ ሙያዬ አሰብኩና ቋንቋው የተቀየረበትን ቦታ ላገኘው ሞከርኩ። ማንኪያ አነሣለሁ፣ “ይህ ምንድን ነው ጋሼ?” እላለሁ። አፋቸውን ያዘጋጃሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ግንባራቸው ያልበዋል፣ በመጨረሻ የሐረሪኛው ይወጣል። ሲወጣ ራሳቸው ይበሳጫሉ። አንጎል ሴቲንግ የለውም።

እትዬ አስካለን የጎዳቸው ይህ ብቻ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ጋሽ ተፈራ “አባታችን ሆይ”ን ሲደግሙ አንድ ቃል ሳይሳቱ በአማርኛ ይወጡታል። ከጸሎቱ በኋላ ሻይ ሲቀርብላቸው ሐረሪኛ። “ሰማኸው?” ይሉኝ ነበር እትዬ አስካለ በማእድ ቤቱ በር ቆመው። “ለእግዜሩ ሲሆን አማርኛ ያውቃል። ለእኔ ሲሆን ጠፋው። ያለችኝን አንዲት ቋንቋ ደብቆኝ እሱ በሌላኛው ይኖራል።” ጠበል ወሰዷቸው። እዚያም ጸሎቱን በአማርኛ ደገሙ፣ ሲመለሱ ባጃጁ ውስጥ በሐረሪኛ በረደኝ አሉ። ነገሩን ለማስረዳት አንጎሉን ከቡፌው ላወርድ ስል፣ “ተወኝ ሄኖክ፣ እኔ ጀሶ አላገባሁም” አሉኝ።

የዳዊት ሽማግሌዎች መጀመሪያ የመጡት በዚህ መሐል ነው። መጀመሪያ ሲመጣ መልስ አይሰጥምና አቶ ደምሴ “ተማክረን እናሳውቃችኋለን” ብለው ቀጠሮ ሰጡ። ሲወጡ ግን ሻምበል በቀለ በረንዳው ላይ ቆመው ያሉትን ሁላችንም ሰማን። “ለመሆኑ አባትየው ልቡናቸው አለ? የአባት ቃል ያለ አእምሮ ከተሰጠ ነገ ዘመድ ይነሣና፣ ያልተሰጣችሁን ወሰዳችሁ ይለናል።” ምሕረት ይህን ሰምታ፣ “አባዬ ራሱ ካልሰጠኝ አልሄድም” አለች።

“አጎትሽ አሉልሽ አይደል?” አሏት እናቷ።

“ጋሼ ደምሴ አላሳደገኝም።”

ዳዊትን ትወደው ነበር፤ ያን ደጋግማ ነግራኛለች። ግን አልሄድም ያለችውን እንደማታጥፍ ግቢው ሁሉ ያውቃል። የዳዊት ቤተሰብ ደግሞ ሁለተኛውን ቀጠሮ የመጨረሻ አድርጎታል። ስለዚህ እማማ ሩቂያ ለማስተርጎም፣ እኔ አእምሯቸው ጤነኛ መሆኑን በጀሶው ለማስረዳት ተጠራን። ከታመመው ሰው ግን የሚጠበቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጁን መስጠት ወይም መከልከል።

በቀጠሮው ቀን ሦስቱም በሩ ሥር ቆሙ። “ግቡ፣ ተቀመጡ” ተባሉ። “ጉዳያችን ሳይመለስ አንቀመጥም” አሉ፤ ደንቡም ይኸው ነው።

አቶ ደምሴ ክራቫታቸውን አስተካከሉ። “እንግዲህ ወንድሜን አሞታል፤ በእሱ ቦታ እኔ...”

“አይሆንም!” አለ ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ።

ሻምበል በቀለ ቅንድባቸውን አነሡ። “መጋረጃው ይናገራል እንዴ?”

“ልክ ናት” አሉ ቄስ አክሊሉ። “አባት በሕይወት እያለ አጎት አይሰጥም።”

“አባት እንዳለማ እያየሁ ነው አባቴ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። አይቀየሙኝ እትዬ አስካለ፣ ወታደር ነኝ፣ ዙሪያውን መሄድ አልችልበትም።”

ይሄኔ አንጎሉን አንሥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ሦስተኛው ሽማግሌ ሳላቸው መሐል ጎንበስ ብለው አዩት። “ድፎ ዳቦ ነው?” አሉ።

“አንጎል ነው” አልኩ።

“የማን?”

እማማ ሩቂያ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ብዙ ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። “ሰው የሚያመዛዝነው በዚህ በቢጫው ነው። የጋሽ ተፈራ ቢጫ አልተነካም። የተነካው የቋንቋው ቦታ ነው፣ እሱም እዚህ...” ብዬ ጣቴን ቀዩ ላይ አሳረፍኩ። ቀኝ እጃቸው ስለተኛ ቀኙን ቀይ ነው የነካሁት።

ጋሽ ተፈራ በግራ እጃቸው ጠረጴዛውን መቱት። ሁላችንም ደነገጥን። ጎንበስ ብለው ጣቴን ያዙና ከቀኙ ቀይ አንሥተው ግራው ቀይ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ የራሳቸውን ጣት ከጀሶው ግራ ጎን አስነሥተው፣ በግንዷ ላይ ወደ ማዶ አሻግረው፣ በአየር ላይ እየሳቡ የተኛ ቀኝ ክንዳቸው ላይ አሳረፉት። በየዓመቱ ለየተማሪው ሲስሉት የኖሩት መስመር ነው፤ ግራው ቀኙን፣ ቀኙ ግራውን እንደሚያዝ። ቀና ብለው አይተውኝ አንድ ነገር በሐረሪኛ አሉ።

“ምን አሉ?” አሉ ሻምበል።

እማማ ሩቂያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ “ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬ ያፈራሁት ይኼን ነው፣ ይላል” አሉ።

ሻምበል በቀለ ከት ብለው ሳቁና ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። “ተማሪ የሚያርም ሰውማ ልቡናው አለ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።” ጉዳያቸው ሳይመለስ መቀመጣቸውን ያስተዋሉት ቄስ አክሊሉ በዓይናቸው ሲገሥጿቸው ነው። ተነሡ፤ አቶ ደምሴ “ግድ የለም፣ ግድ የለም” ብለው መልሰው አስቀመጧቸው።

ቄስ አክሊሉ ቆመው ጠየቁ። “እንግዲያስ ጋሽ ተፈራ፣ ልጅዎን ለልጃችን ይሰጡናል ወይ?”

ጋሽ ተፈራ ረዘም አድርገው በሐረሪኛ ተናገሩ። እማማ ሩቂያ አንገታቸውን አዘንብለው እስኪጨርሱ ጠበቁ። “ልጁ ሲናደድ ምን ያደርጋል? ይላል” አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ስለ ዘሩ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ንስሐ አባቱ መልስ ይዘው ነው የመጡት፤ ይህን ማንም አላሰበውም። ሻምበል “ጨዋ ልጅ ነው” ሊሉ ሲጀምሩ ሦስተኛው ሽማግሌ ቀደሟቸው። “ዝም ይላል። ሲናደድ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ዝም ይላል።” ሻምበል በክርናቸው ጎሰሟቸው። “ምን ላድርግ፣ ተጠየቅሁ!” አሉ ሰውየው መሐረባቸውን እያወጡ።

ለጋሽ ተፈራ ማስተርጎም አላስፈለገም። ሰምተዋል። አንገታቸውን ደፉ። ከሶፋው ሌላ ጫፍ እትዬ አስካለ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ “ዝምታስ ከባድ ነው” አሉ። ከዚያ ቤቱ ጸጥ አለ። ጋሽ ተፈራ አልመለሱም። በአማርኛ አልመለሱም፣ በሐረሪኛ አልመለሱም፣ በጭንቅላታቸውም አልነቀነቁም። ያ ጸጥታ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ በእኔ ትዝታ ከግቢው ውጭ አንድ ባጃጅ ቆሞ፣ ሰው አውርዶ፣ ዞሮ ሄዷል።

ጸጥታውን መሸከም ያቃታቸው አቶ ደምሴ ናቸው። “መቼም አልከለከለም! አባቴ፣ ይመርቁና እንጨርስ” አሉ። ቄስ አክሊሉ ትንሽ አመነቱ፤ ከዚያ መስቀላቸውን አወጡ፤ መነሣት የምንችል ተነሣን። “እግዚአብሔር ትዳራቸውን ይባርክ” አሉ። “አሜን” አልን። “የአብርሃምና የሣራ ያድርግላቸው።” “አሜን።” በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው አሜን ላይ ሌላ ድምፅ ገባ። ቄሱ አቆሙ። ጋሽ ተፈራ ነበሩ፣ በአማርኛ። “ውለዱ፣ ክበዱ። ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ። ቤታችሁ ይሙላ። ያሰባችሁት ይሳካ። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ።” ሳይደናቀፉ፣ ሳያልባቸው፣ ከመታመማቸው በፊት በነበረው ድምፃቸው። በየመሐሉ ለአሜናችን ቦታ ይተዉ ነበር። እኛም አሜን አልን፤ የመጨረሻውን አሜን ማን እንዳለው እንጃ፣ የልቅሶ ድምፅ ነበረው።

እትዬ አስካለ ከሶፋው ጫፍ ዘለው መጡ። “ተፈራ! ተናገርክ! እስቲ ስሜን ጥራኝ። አንዴ ጥራኝ።” ጋሽ ተፈራ አዩአቸው። አፋቸውን አዘጋጁ። ከንፈራቸው ታገለ፣ ግንባራቸው ላይ ላብ መጣ፣ ከዚያ አንዲት የሐረሪኛ ቃል ወጣች። እማማ ሩቂያ አልተረጎሟትም። እትዬ አስካለ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

“ከምርቃት በላይ ምን ቃል አለ!” አሉ ሻምበል በቀለ። እልል ተባለ፤ መጋረጃው ተገለጠ፤ ምሕረት ወጥታ የአባቷን ጉልበት ሳመች። ነገሩ አለቀ ተባለ።

እኔ ግን እማማ ሩቂያን ወደ ጀጎል ስሸኛቸው በሩ ጋ ቆሙና፣ “እሺ አላለም እኮ” አሉኝ። “እንቢም አላለም። የጠየቀውን ጠየቀ፣ ተመለሰለት፣ ዝም አለ።”

“ታዲያ እዚያው ለምን አልተናገሩም?”

“ማን ጠየቀኝ? ደግሞ መርቋል እኮ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እና ምን ልበል? ወላሂ አላውቅም ልጄ። አላህ ነው የሚያውቀው።”

ሐኪሙ ዘንድ ተመልሼ ሄድኩ። “ጸሎት፣ ምርቃት፣ ቁጥር፣ ዘፈን፣ ከአፍ ጋር የተላመደ ነገር ሁሉ ሌላ መንገድ አለው፤ ቋንቋው ቢዘጋም በዚያ ይወጣል” አሉኝ። “ከልብ መናገር ነው ወይስ መድገም ብቻ?” አልኳቸው። “አሜን ስትሉ አፋቸው ተከተለ ይሆናል። አስበውበትም ይሆናል። እኔ የማየው ጉዳቱን ነው፣ ሐሳቡን አይደለም” አሉ። ጋሽ ተፈራን በግራ እጃቸው ምልክት እያሳዩ እንዲመልሱልኝ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር። ምሕረት ከለከለችኝ። “ተወው ሄኖክ፣ መርቆኛል” አለች። ዓይኗ ግን እንደዚያ አላለም። ክረምቱ ሳይወጣ ሁለተኛው ሕመም መጥቶ ጋሽ ተፈራን ወሰዳቸው፤ ሰርጉንም አላዩ። የተጋቡት ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ነው።

አሁን ስጠይቅ ሁሉም ሌላ ሌላ ነገር ያስታውሳል። አቶ ደምሴ በስልክ፣ “ሰጥቻለሁ ብሏል፣ አጠገቡ ነበርኩ” አሉኝ። እትዬ አስካለ ደግሞ፣ “ስሜን ጠርቶኛል፤ አስኩ ነው ያለኝ” አሉ፤ እንዲያ ሲሉ ፊታቸው ስለበራ አላረምኳቸውም። የእኔስ ትክክል ነው? ባለፈው እሑድ ምሕረት ቤት ሄጄ ጀሶውን አየሁት። ሁለቱም ጎኖቹ አረንጓዴ ናቸው። “ማን ቀየረው?” አልኳት። “ማንም አልነካውም፣ ድሮም አረንጓዴ ነው” አለችኝ። ጥግ ጥጉን በጥፍሬ ፍቄ ቀይ ፈለግሁ። ያገኘሁት ነጭ ጀሶ ብቻ ነው። ቀይ ነው ብዬ ከላይ የጻፍኩትን ላስተካክለው አሰብኩና ተውኩት፤ እኔ የማየው ቀይ ነውና።

አንድ ነገር ግን አላየሁም፤ እሱን ነው የምለምናችሁ። ጋሽ ተፈራ ሲመርቁ እኔ የማየው ከንፈራቸውን ነበር። አማርኛው በየት በኩል እንደወጣ ለማወቅ ከንፈራቸው ላይ ፈጥጬ ነበር። እትዬ አስካለ በእንባ ምንም አላዩም፤ እማማ ሩቂያ አርፈዋል። ሻምበል በቀለ፣ ቄስ አክሊሉ፣ አቶ ደምሴ፣ እርስዎም ስምዎ የጠፋኝ ባለ ግራጫ ኮት፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሳችሁ የተሳሳትኩትን አርሙልኝ፤ የጨመርኩትን ቀንሱ። ከሁሉ በፊት ግን ይህን ንገሩኝ። “ውለዱ፣ ክበዱ” ሲሉ ዓይናቸው የት ነበር? መሬቱን እያዩ ነበር ወይስ መጋረጃውን? መልሱን እኔ ጋ አታቆዩት፤ ለምሕረት ንገሯት።